የአሮጌ ኮምፒዩተር ፍጥነት የሚጨመርበት ብልሃትና ጥንቃቄው

ከመርካቶ ሠፈሮች አንዱ የሆነው ሲኒማ ራስ ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የፊልም ማሳያ ቤት ነው። ቤቱ ራሱ ኋላ ራስ ቴአትር ተብሎ ቢሰየምም፣ ገበያተኛው ግን ዛሬም ሠፈሩን የሚጠራው በዱሮ ስሙ ነው። በዚህ ሠፈርና በአካባቢው ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ድምፅ ማጉያና የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ እንዲሁም ከባሕር ማዶ አገልግሎ የመጣ ኮምፒዩተር ለመግዛትም ለማስጠገንም የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። ከነዚህም ገበያተኞች መካከል ተማሪዎችና ሥራ ከያዙ ገና ጥቂት ጊዜ የሆናቸው ወጣቶች አይታጡም። አዲሱን ኮምፒዩተር ለመግዛት ኪስ አይፈቅድም፤ ያለ ኮምፒዩተር ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አይጻፍም። ስለዚህ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በፊት የተሠራውን ተከራክረው ገዝተው፣ ተሸክመው ይሄዳሉ። ቤት ገብተው ሲያበሩት ግን መኪናው ይንቀራፈፋል። ይኸኔ ነው እንግዲህ አንድ ዐዋቂ ነኝ የሚል ጓደኛ ብቅ ብሎ «ግድ የለም፤ ኦቨርክሎክ እናደርገዋለን» የሚለው።

ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ምን ያህልስ እንደሚጠቅም፣ በምን መንገድ ቢሠራ ዕቃውን ሳያቃጥል ሊከናወን እንደሚችል መግለጽ ለብዙዎች የሚበጅ ስለ መሰለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የውጭ አገር ነገር የሚነገርባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ኦቨርክሎክ ማለት፣ በአጭሩ፣ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ፕሮሰሰር የተባለው የኮምፒዩተሩ አንጎል ሥራውን የሚሠራው እንደ ሰዓት እየመታ በሚመራው የኤሌክትሪክ ምት ነው። ከበሮ መቺው ምቱን ሲያፈጥን ዘማሪው ሁሉ እጁንና እግሩን እንደሚያፈጥን፣ ይህም ምት ሲፈጥን ፕሮሰሰሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሠራው የሒሳብ ሥራ ይበዛል። ለምሳሌ ያህል ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ2007 ያወጣውን ኮር 2 ኳድ ኪው 6600 እንውሰድ። የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ምት 266 ሜጋኸርዝ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ይህን በ9 አባዝቶ 2,400 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 2.4 ጊጋኸርዝ ያደርገዋል። ታዲያ አንድ ሰው ወደ ማዘርቦርዱ ባዮስ ገብቶ 266 የሚለውን 333 ያደረገው እንደ ሆነ ፕሮሰሰሩ በ3,000 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ምንም ዕቃ አልተጨመረም፤ ፍጥነቱ ግን በመቶ 25 ጨመረ።

«ፋብሪካው 2,400 ብሎ የጻፈበትን ዕቃ 3,000 እንዲሠራ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ፋብሪካው ይህን አያውቅም ኖሯል?» የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል። ፋብሪካውስ ያውቃል። ከአንድ ምጣድ የወጣ እንጀራ ሁሉ ዓይኑ እኩል እንዳይደለ ሁሉ፣ ከአንድ የሲሊኮን ገበታ ላይ ተቈርጠው የሚወጡት ፕሮሰሰሮችም እኩል አይደሉም። ፋብሪካው እያንዳንዱን ፈትኖ በፍጥነቱ ይለየዋል። ነገር ግን ገበያው በርካሹ ላይ ሲበረታ፣ ለከፍተኛው ደረጃ የሚበቃውንም ዕቃ የዝቅተኛውን ስም ሰጥቶ ይሸጠዋል። ከዚህም በላይ ፕሮሰሰሩ በሞቃት አገር፣ አቧራ በሞላው ክፍል፣ በደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል ላይ ቢውልም እንዳይሰናከል ብሎ ከአቅሙ ዝቅ አድርጎ ይወስንለታል። ኦቨርክሎክ የሚያደርገው ሰው የሚበላው እንግዲህ ይህንኑ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ትርፍ ነው።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1984 ያወጣው ኤቲ የተባለው ኮምፒዩተር ፍጥነቱ 6 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበረ። ብልሆቹ ምቱን የምታወጣውን ክሪስታል ነቅለው በሌላ እየተኩ 8 ሜጋኸርዝና ከዚያም በላይ ያስሮጡት ጀመር፤ ኩባንያውም ይህን አይቶ በኋላ በሠራቸው ላይ መከልከያ አበጀ። በ1998 ደግሞ ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። መሠረታዊ ምቱን ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ በማድረግ ብቻ 300 የነበረው 450 ስለሚሆን፣ ብዙው ሰው በጥቂት ገንዘብ የውዱን ዕቃ ሥራ አሠራው። በ2000 ግድም የነበረው የኤኤምዲ ዱሮን ይባስ ብሎ በእርሳስ ነበር የሚከፈተው። በላዩ ላይ የተቋረጡትን ትናንሽ መስመሮች በተራ እርሳስ ቀለም ማገናኘት ማባዣውን ከእስር ይፈታው ነበር።

ማባዣው የታሰረበት ምክንያት ራሱ ለገበያተኛ ትምህርት ይሰጣል። በ1990ዎቹ ዓመታት አንዳንድ ነጋዴዎች የዝቅተኛውን ፕሮሰሰር ጽሕፈት ፍቀው የከፍተኛውን ቍጥር እየጻፉበት ይሸጡ ነበርና፣ ኢንቴል ማባዣውን የቈለፈው አንድም ይህን ማጭበርበር ለመከላከል ነው። ዛሬም ቢሆን ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው በሣጥኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ብቻ ማመን አይገባውም። ሲፒዩ-ዚ የተባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሄዶ፣ ሻጩ ፊት አብርቶ፣ ፕሮሰሰሩ ማን እንደ ሆነና በስንት እንደሚሠራ ያንብብ። ነጋዴው በዚህ የሚቈጣ ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

ሙቀትና የአዲስ አበባ አየር

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ፤ ይኸውም ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከሚሰጠው ቮልት ጋር ግን በካሬው ይጨምራል። ይህን በቍጥር እንየው። ፍጥነቱ ከ2.4 ወደ 3.0 ጊጋኸርዝ ሲወጣ ቮልቱ ባይነካ ሙቀቱ የሚጨምረው በመቶ 25 ያህል ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ጸንቶ አልሠራ ብሎ ቮልቱ ከ1.20 ወደ 1.35 ከፍ ቢደረግለት፣ ጭማሪው በመቶ 58 ይደርሳል። 95 ዋት ያወጣ የነበረው 150 ዋት ሊያወጣ ነው ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱን ይፈሩታል፤ ቮልቱን ግን እንደ ዋዛ ይነካኩታል። ጉዳቱ ያለው በቮልቱ ነው።

በዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ የሆነ ጠባይ አላት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ማራገቢያውም ያው ነው። በደቂቃ የሚዞረው ዙር ባይቀንስም በየዙሩ የሚገፋው አየር የሳሳ ነውና ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። እንዲህ ብለን በግምት እናስላ። በባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ፕሮሰሰር በሙሉ ሥራ ላይ ሳለ ሙቀቱ ከክፍሉ ሙቀት በ40 ዲግሪ ይበልጣል እንበል፤ ያው ማራገቢያ አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱን ወደ 47 ዲግሪ ቢያደርሰው አያስደንቅም።

ደግነቱ አየራችን ቀዝቃዛ ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 67 ይሆናል። በጅቡቲ ክፍሉ 35 ቢሆን ግን 40 ተጨምሮበት 75 ይደርሳል። ሰመራ ላይ ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከ80 በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች «በዚህ ማራገቢያ ይህን ያህል ፍጥነት አገኘሁ» ሲሉ፣ የእነሱ አየር ከኛ የወፈረ መሆኑን፣ የኛ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነሱ በጋ የቀዘቀዘ መሆኑን አስቦ ማመዛዘን ያስፈልጋል። ሁለቱ ነገሮች ይጣጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አያጠፋውም።

ሙቀት ዕቃን የሚጎዳው በማቃጠል ብቻ አይደለም። በ2001 ግድም የነበሩ አንዳንድ የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰሮች ማቀዝቀዣው ሲነሣባቸው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይቃጠሉ ነበር፤ የኋለኞቹ ግን 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ቀንሰው ያመልጣሉ። የማይታየው ጉዳት ሌላ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ከጠጕር በብዙ እጅ የቀጠኑ የብረት መስመሮች አሉ። ብዙ ኤሌክትሪክ በሙቀት ላይ ሲያልፍባቸው፣ ጎርፍ አፈርን እንደሚያጥብ፣ ከብረቱ ቅንጣት በቅንጣት እያነሣ ያሸሸዋል፤ በመጨረሻም መስመሩ ይበጠሳል። ጄምስ ብላክ የተባለ ሊቅ በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን መርምሮ፣ የመስመሩ ዕድሜ ሙቀቱና የኤሌክትሪኩ ብዛት በጨመረ መጠን እንዴት እንደሚያጥር በቀመር አሳይቷል። አሥር ዓመት የሠራ ፕሮሰሰር ከዚህ ዕድሜው ጥቂቱን አስቀድሞ እንደ በላ አይዘንጋ።

ከመጀመሩ በፊት

አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በገበያ ከሚገኙት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ለቢሮ ተብለው የተሠሩት፣ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኮምፓክ ያሉት፣ ባዮሳቸው ፍጥነትን የሚለውጥ ስፍራ የለውም። ከ2011 ወዲህ የወጡት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ደግሞ፣ በስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» የሚል ፊደል ከሌለባቸውና ማዘርቦርዱም የሚፈቅድ ካልሆነ፣ እምብዛም አይንቀሳቀሱም። በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ካሉት ነጥቦች አንዱን በፕላስተር ሸፍኖ ማዘርቦርዱን የሚያታልል ብልሃት በኮር 2 ዘመን ዕቃዎች ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን መካከለኛ መንገድ የሌለው ነውና ለጀማሪ አንመክረውም። ላፕቶፕ ያለው ሰው ጨርሶ ይተወው፤ ሙቀቱን የሚያስወጣበት በቂ ቦታ የለውም።

የሚፈቅድ ማዘርቦርድ ያለው ሰው አስቀድሞ ሣጥኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ይክፈት። የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ በማቀዝቀዣው ቅጠሎች መካከል ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ይገኛል። ይህን በለስላሳ ብሩሽና በሚነፋ አየር ማጽዳት ነው፤ ሲነፋም ማራገቢያው እንዳይዞር በጣት መያዝ ይበጃል። ከዚያም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ከሆነ በአልኮል ጠርጎ፣ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐል ላይ ማኖር ነው። «ብዙ ቢሆን ይሻላል» የሚለው የብዙ ሰው ሐሳብ ስሕተት ነው፤ ፔስቱ የሚያስፈልገው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ቀዳዳ ሊሞላ ብቻ ነውና። አንዳንድ ጊዜ የመንቀራፈፉ መድኃኒት ይኸው ሆኖ ይገኛል። መኪናው ሲዘገይ የነበረው በሙቀት ምክንያት ራሱን እየቀነሰ ኖሯል።

ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን በርሜል መሳይ ካፓሲተሮችም መመልከት ያስፈልጋል። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ከተሠሩት ብዙዎቹ ጥራት የጐደላቸው ነበሩ። አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያስተፉ ቢኖሩ ኦቨርክሎክ የሚባል ነገር አይታሰብም። ፓወር ሰፕላዩም እንዲሁ ነው። በላዩ 500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲመዘን ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ዕቃ ያን ያህል ይሰጣል ብሎ መተማመን አይቻልም።

አሠራሩ

ከሁሉ አስቀድሞ ያለውን ጽሑፍና ሰነድ ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ግዴታ ነው። ከዚያ አንድ ደብተር ይያዝ፤ ባዮስ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያ ቍጥሮች በሙሉ ይጻፉበት።

ባዮስ ውስጥ በመጀመሪያ የሚነካው ፍጥነቱ ሳይሆን ሌላው ነው። መሠረታዊው ምት ሲጨምር ተከትለው እንዳይሮጡ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በ100፣ ፒሲአይ በ33 ሜጋኸርዝ ይታሰራሉ። ይህ ያልተደረገ እንደ ሆነ፣ በተለይ በቀድሞዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ የሚጽፈውን ሊያበላሽ ይችላል። ራሙም ከመሠረታዊው ምት ጋር አንድ ለአንድ እንዲሄድ ይደረጋል። ለምሳሌ 800 የሚል ዲዲአር 2 ራም ያለው ሰው ምቱን 333 ቢያደርገው ራሙ በ667 ስለሚሠራ ከአቅሙ በታች ነው፤ ችግር ቢፈጠር ጥፋተኛው ራሙ እንዳይደለ ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ ቮልቱን ሳይነኩ መሠረታዊውን ምት በ5 ወይም በ10 ሜጋኸርዝ እየጨመሩ መሄድ ነው። በየደረጃው ኮምፒዩተሩ ይነሣል፤ ኮር ቴምፕ በተባለው ፕሮግራም ሙቀቱ ይታያል፤ ፕራይም 95 በተባለው ደግሞ ለ20 ደቂቃ ያህል ይፈተናል። ውጤቱ በደብተር ላይ ይሰፍራል። በእኛ አስተያየት በሙሉ ሥራ ላይ ሳለ 75 ዲግሪ ያለፈ ፕሮሰሰር ከዚያ በላይ ሊገፋ አይገባውም፤ ከከፍተኛው ወሰን የራቀ ነው ቢባልም፣ የግንቦት ቀትርና የሚመጣው አቧራ ገና አልታሰቡምና። ፈተናው ስሕተት ያሳየ ወይም መኪናው የደረቀ እንደ ሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ አንድ ደረጃ መመለስ፣ ወይም ቮልቱን በ0.025 ያህል መጨመር። እኛ የምንመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ኢንቴል ለነዚያ ዘመን ዕቃዎች ያስቀመጠውን ወሰን ይወቅ፤ ለኪው 6600 1.5 ቮልት፣ ከእሱ በኋላ በ2008 ለወጣው ለኢ 8400 ግን 1.3625 ቮልት ነው። ወሰን ማለት ደግሞ የሚደረስበት ማለት አይደለም።

ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሣ ቢል መደንገጥ አያስፈልግም። ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ስትመለስ ባዮሱ ሁሉን ረስቶ እንደ ፋብሪካው ይነሣል። መብራት የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ግን ዩፒኤስ ሳይኖር ይህን ሥራ መጀመር ደግ አይደለም፤ ባዮሱን ራሱን በአዲስ መተካትማ መብራት መሐል ላይ የጠፋ እንደ ሆነ ማዘርቦርዱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና ረጅም መሆን አለበት፤ ማታ ተጀምሮ እስከ ጧት ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱም የሚደርቅ ኮምፒዩተር ቢያንስ ሕመሙን ተናግሯል፤ የሚያስፈራው የማይደርቀው ነው። ከወሰኑ ጥቂት ያለፈ ፕሮሰሰር ከብዙ ሚሊዮን ስሌት አንዱን አሳስቶ፣ ምንም ሳይናገር ሊቀጥል ይችላል። በአንድ የደመወዝ መዝገብ ውስጥ፣ ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት አኀዝ ብትለወጥ ማን ያውቃል? ፕራይም 95 የተወደደው በዚህ ነው፤ ልዩ ዓይነት ብቸኛ ቍጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀውን ከባድ ስሌት ለፕሮሰሰሩ ሰጥቶ መልሱን ያስተያያል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት አንድ ሚሊዮን ያህል የግል ኮምፒዩተሮችን መዝገብ መርምረው፣ ፍጥነታቸው የተጨመረባቸው በብልሽት መውደቃቸው ከሌሎቹ የበዛ፣ ፍጥነታቸው የተቀነሰላቸው ደግሞ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። አንድ ጊዜ የወደቀ መኪና እንደ ገና የመውደቁ ነገር እጅግ የበዛ መሆኑንም ተመልክተዋል። ስለዚህ በፈተናው ሌሊት አንድ ስሕተት ብቻ ታየ ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያስገኛል ቢባል፣ በመቶ 25 የጨመረ ፕሮሰሰር የአንድ ሰዓት ስሌትን ቢበዛ በ48 ደቂቃ ይጨርሳል። ፊልም ለሚያቀናብር፣ ከባድ ስሌት ለሚያሠራ ተማሪ 12 ደቂቃው ዋጋ አለው። ደብዳቤ ለሚጽፍና ሠንጠረዥ ለሚሞላ ግን ልዩነቱ አይታወቀውም፤ የእሱ መኪና የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በአሮጌው ሃርድ ዲስክና በራም ማነስ ነውና፣ ገንዘቡን ለኤስኤስዲ ዲስክ ቢያውለው ያተርፋል። በመሥሪያ ቤት ንብረት ላይ ይህን መሞከር ደግሞ ከቶ የተገባ አይደለም፤ ዕቃው የመንግሥት ነው፣ በውስጡ ያለውም መዝገብ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

ቀሪው የዝውውር ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በ65 ዲግሪ ጸጥ ብሎ የሚሠራ ኮምፒዩተር ያለው ወጣት ሠራተኛ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲመደብ፣ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ባዮሱን ከፍቶ የፋብሪካውን ቍጥር ይመልስ። ደርሶ፣ ክፍሉን አይቶ፣ ማራገቢያውን አጽድቶ፣ በቀኑ ሙቀት በ8 እና በ9 ሰዓት መካከል ፈተናውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምር፤ ደብተሩ በእጁ ካለ ሥራው የአንድ ሰንበት ነው።